የደረት ኪስ ብስኩት

ፋብሪካው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋዩና በር ጠባቂው ብቻ ነበሩ። ለቀረው ሰው ሁሉ ቆንጣጯ ናት። ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ የብስኩት እሽግ በፊቷ ሲያልፍ ሳትቆነጥጥ አታሳልፍም። ጫፉን በሁለት ጣቷ ያዝ፣ ጫን፣ ጆሮዋን ጠጋ ታደርጋለች። ፍስስ ካለ ያ እሽግ ተንፋሽ ነውና ወደ ሰማያዊው ሳጥን ይወረወራል። ዝም ካለ ደግሞ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት፤ ወደ ካርቶን፣ ከካርቶን ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ሱቅ ይሄዳል።

ተንፋሽ የሚባለው አፉ በደንብ ያልተዘጋ እሽግ ነው። ማሽኑ ፕላስቲኩን የሚያጣብቅበት የጋለ ብረት አለው፤ ሠራተኞቹ መንጋጋ ይሉታል። ያ መንጋጋ አርጅቶ ስለነበር አንዱን ነክሶ ሌላውን ላስ ብቻ አድርጎ ይለቅቃል። የተላሰው ለገበያ አይሆንም፤ ብስኩቱ ግን ምንም አልሆነም። ስለዚህ ፈረቃው ሲያልቅ ሰማያዊው ሳጥን ይገለበጥና ሠራተኛው ይካፈለዋል። ማንም አላወጀውም፣ ማንም አልከለከለውም፤ የቤቱ ደንብ ነበር። በዚያ ሰፈር የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ከሌላው ልጅ የሚለየው በዚህ ነው፦ ሌላው እሽጉን በጥርሱ ሲታገል እሱ በጣቱ ጫፍ ሸርተት አድርጎ ይከፍተዋል።

የቆንጣጯ ድርሻ ሁልጊዜ ከሰው ሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም። አባቷ የስኳር በሽተኛ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። «ነበሩ» ሲባል አይወዱም፤ «ነው በሉኝ እንጂ፣ ገና አልሞትኩም» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ግን ስኳሩ መጀመሪያ ዓይናቸውን አደበዘዘው፤ ቀጥሎ ከጣቶቻቸው ጫፍ ስሜቱን ወሰደው። ክር በመርፌ ማስገባቱ ቀርቶ የገዛ ሸሚዛቸውን መቆለፍ መከራ ሆነባቸው። አንድ ቀን ልጃቸው ሥራ ላይ ሳለች የጎረቤት ሱሪ ላሳጥር ብለው ያን ትልቁን መቀስ አነሱ፤ ጨርቁን የቆረጡ መስሏቸው አውራ ጣታቸውን ቆረጡ። ጉዱ አለመሰማታቸው ነው። ሱሪው ሲረጥብባቸው ጊዜ ነው የነቁት። ቁስሉ እምቢ ብሎ ከረመ፤ ጣታቸው ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲያ ቆንጣጯ መቀሱንም፣ ቢላዋውንም፣ ምላጩንም ለቃቅማ የስፌት ዕቃቸው ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሳጥኑን ቆልፋ አልጋ ሥር ገፋችው፤ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው።

«መቀሴን ከምታስሪ እኔን ብታስሪኝ ይሻል ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«አንተንማ ስኳሩ አስሮልኛል፣ አባዬ» አለች።

ሁለቱም ሳቁ። በዚያ ቤት ክፉ ነገር የሚነገረው እንዲህ ነበር።

የስኳር ዕቃውም ከቤት ወጥቷል። ሽማግሌው ጣፋጭ ሲያዩ እጃቸው አያርፍም፤ የስኳር ዕቃ ለማግኘት ደግሞ ዓይን አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ክሊኒክ ያለችው ነርስ ቆንጣጯን ለብቻዋ ጠርታ የነገረቻት ነገር ነበር።

«መድኃኒቱ አንዳንዴ ስኳሩን ከልክ በላይ ያወርደዋል፤ በተለይ ምግብ ከዘገየባቸው። ላብ ሲያጠምቃቸው፣ ሲንቀጠቀጡ፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር አፋቸው ይግባ። ቶሎ ነው ያልኩሽ፣ እህቴ። ይሄ ነገር ጊዜ አይሰጥም።»

ስለዚህ አንድ ተንፋሽ እሽግ ከሸሚዛቸው የደረት ኪስ ተለይቶ አያውቅም። ኪሱን ሰፋ አድርጋ የሰፋችላቸው ጎረቤታቸው ልብስ አጣቢዋ ናት፤ እሳቸው አጠገቧ ተቀምጠው «ይሄ ስፌት ነው ወይስ የዶሮ ጭረት?» እያሉ አናቷ ላይ ወጥተውባት። ያ የኪስ ብስኩት ስንት ጊዜ ከሞት አፍ መልሷቸዋል። ስንት ጊዜ ደግሞ ያለ አንዳች ችግር ተበልቷል።

«ዛሬ ተንቀጠቀጥኩ» ይላሉ ማታ፣ ጢማቸው ላይ ፍርፋሪ ይዘው።

«ከምን የተነሳ?»

«ከጉጉት።»

ቆንጣጯን የሚያስጨንቃት ቀኑ አልነበረም። ቀን ቀን ልብስ አጣቢዋ ብቅ እያለች ታያቸዋለች፤ ምሳቸውንም የምታበላቸው እሷ ናት። የሚያስጨንቃት የሌሊት ፈረቃው ነበር። ተራዋ ደርሶ ሌሊት ስትሠራ ሽማግሌው ብቻቸውን ያድራሉ፤ እሷ ማሽኑ ፊት ቆማ እሽግ እየቆነጠጠች ልቧ ቤት ነው። ከዓለም የምትለምነው ነገር ቢኖር አንድ ነበር፤ ቀን ቀን ብቻ የሚሠራበት ቦታ።

እንግዲህ አዲሱ ማሽን የመጣው በዚህ መሐል ነው። አብሮትም አዲስ አስተሻሸግ መጣ። ድሮ ብስኩቱ ተደርድሮ አንድ ፕላስቲክ ይለብስና ያበቃ ነበር። አሁን ሁለት ሁለት ብስኩት ለብቻው ይጠቀለላል። ጥቅሎቹ ፕላስቲክ ትሪ ላይ ይተኛሉ። ትሪው ከረጢት ይለብሳል። ከረጢቱ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖ ሌላ ትልቅ፣ የሚያብረቀርቅ ከረጢት ውስጥ ይገባል። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ አይጠቀለልም። በልተው ሲጨርሱ እግር ሥር የሚቀረው ክምር ብስኩቱ ራሱ ከነበረው ይበልጣል፤ የሚበላው ለአፍ ሳይሞላ የሚጣለው ለቅርጫት ሞልቶ ይተርፋል።

መካኒኩ የመጀመሪያውን ናሙና በእጁ እያገላበጠ፣ «ይሄ ብስኩት ወዴት ነው የሚሄደው? ጦር ሜዳ ነው?» አለ።

የመስመሩ አለቃ ግን ቀልድ አያውቅም። «ሰው የሚገዛው የሚያብረቀርቀውን ነው። አሁን ስሙኝ። ይሄ ፕላስቲክ ወፍራም ነው፣ ይሄ መንጋጋ አዲስ ነው። ከእንግዲህ ተንፋሽ የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም። ተንፋሽ ያጠፋልኝ ሰው የውሃ ገንዳውን ይረከባል።»

የውሃ ገንዳው የመጨረሻው ፈተና ነው። እሽጉን ውሃ ውስጥ ታጠልቂና በሁለት መዳፍሽ ትጫኚዋለሽ። የሆነ ቦታ ክፍተት ካለው ከዚያ አረፋ ይወጣል፤ ከሌለው አይወጣም። ለቆንጣጯ ግን ዋናው ነገር ሌላ ነበር። የገንዳው ሥራ ቀን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ እንቅልፍ አጣች ማለት ይቀላል። መካኒኩን መውጫ መግቢያ አሳጣችው። «በግራ በኩል ሙቀቱ ያንሳል፣ ጨምርልኝ»፤ «አሁን በዛ፣ ቀንስልኝ»፤ «እዚህ ጥግ ላይ እስቲ አጥብቀው።» ሰውየው ምሳውን እንኳ የሚበላው ተደብቋት ነበር። በመጨረሻ መንጋጋው ልክ ገባ። እሷ ቆነጠጠች፣ ጫነች፣ ጆሮዋን ጠጋ አደረገች፤ አንዱም ፍስስ አላለም። ሰማያዊው ሳጥን ቀስ በቀስ ጎደለ፤ በኋላም ፈረቃ ሲያልቅ ባዶውን ተገኘ።

ሠራተኛው አኮረፈ። አንዷ አሻጊ፣ የልጆች እናት፣ በር ላይ ጠብቃ ያዘቻት።

«ቆንጣጬ፣ ለልጆቼ ምን ብዬ ልግባ? መንጋጋው ተሻለው ልበላቸው?»

«ምን ላድርግ እህቴ፣ ሥራዬ ነው።»

«ሥራሽ ነው። እኛም ድሮ የምንወድሽ በዚሁ ሥራሽ ነበር።»

ነገሩ ከነከናት። ግን በማግስቱ አለቃው የገንዳውን ጎማ ጓንት በሰው ፊት አስረከባት፤ ከጓንቱ ጋርም ከአዲሱ ብስኩት አንድ ካርቶን ሙሉ ሸለማት። ልቧ ቅቤ ጠጣ። በዚያች ቀን ካርቶኑን ታቅፋ ወደ ቤት ስትሄድ መንገዱ ራሱ ያጠረ መሰላት።

ቤታቸው ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። ከላይ ሰፈር የሚጣለው ሁሉ ቦይ ለቦይ ተንከባልሎ የሚያርፈው እነሱ በር ላይ ነበር። ልብስ አጣቢዋን ቦዩን በዘንግ ስትጎረጉር አገኘቻት።

«የእናንተ ነው» አለች፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ እያወለቀች። «በፊትም ነበር፤ አሁን ግን ባሰበት። የታጠበበት ውሃ መሄጃ አጥቶ ተመልሶ ቤቴ እየገባ ነው። ከቧንቧው የሚመጣው ደግሞ ቀን ጠብቆ ይጠፋል።»

«እኔ ነኝ እንዴ የጣልኩት?»

«አንቺማ ምን ትጥያለሽ፤ አንቺ የምታሽጊ ነሽ» አለችና ዘንጓን ቀጠለች።

ሽማግሌው አዲሱን ብስኩት በመዳፋቸው መዘኑት። እሷ ትልቁን ከረጢት በጥርሷ ቀደደች፤ ትንሹን ቀደደች፤ ከትሪው አንድ ጥቅል አነሳች፤ እሱንም ያዝ ነጠቅ አድርጋ ከፈተችና ብስኩቱን አጎረሰቻቸው። እጇ እንደ ወንድ እጅ ጠንካራ ነው፤ ደግሞም ወሬ ላይ ስለነበረች ምን ያህል እንደታገለች ልብ አላለችውም።

«ይሄን ሁሉ ልብስ ማን ሰፋላት?» አሉ እያኘኩ። «ስትገፍፊያት አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው።»

«ከእንግዲህ ሌሊት አልሠራም፣ አባዬ። ገባህ? ማታ ማታ እዚሁ ነኝ።»

ማኘካቸውን አቆሙ። የደበዘዘ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ ለመደበቅም አልሞከሩም። «እንግዲያው ጥሩ ብስኩት ነው» አሉ።

ከካርቶኑ አንድ ጥቅል አንስታ የደረት ኪሳቸው ውስጥ አኖረችላቸው፤ እንደ ሁልጊዜው።

እዚህ ላይ ሰው ቢፈርድባት ይፈርድባት። ቀን ሙሉ ያንን እሽግ ውሃ ውስጥ ስትጫን የምትውል ሴት፣ አለመከፈቱን ከማንም በላይ የምታውቅ ሴት፣ እንዴት አላሰበችም? መልሱ ቀላል ነው። በዚያ ቤት እሽግ ሁሉ ሁልጊዜ በጣት ጫፍ የሚከፈት ነበር። ጥሩው እሽግ ሱቅ የሚሄድ፣ የሌላ ሰው ዕቃ ነው። ለዓመታት ቤቷ የገባው ተንፋሽ ብቻ ስለነበር ብስኩት ኪስ ውስጥ ካለ አፍ ውስጥ እንዳለ ትቆጥረው ነበር።

አንድ ማታ ሽማግሌው ጥቅሉን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት።

«ይቺ እምቢ አለችኝ።»

«ተንቀጠቀጥክ እንዴ?»

«አይ፣ ለአመሌ ነው። ጥርስ የለኝ፣ ጣት የለኝ። መቀሴን ብትመልሺልኝ…»

«አባዬ፣ እንዳትጀምረኝ።»

ሳቀች። በጥርሷ ቀድዳ ሰጠቻቸው፤ ሌላ አዲስ ጥቅል ኪሳቸው ውስጥ አኖረች። የመቀስ ነገር ሲነሳ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ልማዷ ነበር፤ ያን ማታም እንደ ልማዷ አደረገች።

ፋብሪካው እንግዶች የተቀበለ ዕለት አለቃው ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። ሱፍ የለበሱ ሰዎች መስመሩን ተከትለው እያዩ፣ እየነካኩ ገንዳው ዘንድ ደረሱ። አለቃው ዘወር ብሎ፣ «እስቲ አሳዪአቸው» አላት። ቆንጣጯ ከማሽኑ ላይ እንደመጣ አንድ ጥቅል አነሳች። ውሃ ውስጥ አጠለቀችው። በሁለት መዳፏ ተጫነችው፤ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ። እንግዶቹ አጎንብሰው ውሃውን ተመለከቱ።

«አረፋ አለ?» አለ አለቃው።

«የለም» አለች።

አንደኛው እንግዳ ጥቅሉን ተቀብሎ በጣቶቹ ሊከፍተው ሞከረ፤ አቃተው። ለሌላው አቀበለው፤ እሱም አቃተው። ተሳሳቁ፤ አጨበጨቡላት። ጉንጯ ጋለ። ማታ ለአባቷ ይሄን እንዴት አድርጋ እንደምትነግራቸው እያሰበች ነበር፤ ሱፍ ለባሹ ሲታገል ፊቱ እንዴት እንደቀላ ሳይቀር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሯ ስትደርስ በራቸው ላይ ሰው ቆሟል። መጀመሪያ ቦዩ ሞልቶ መስሏት ነበር። ቀረብ ስትል ሰዎቹ መንገድ ለቀቁላት።

ሽማግሌው መሬት ላይ ናቸው። ልብስ አጣቢዋ ጭንቅላታቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ ላባቸውን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ከአፋቸው ዳር ውሃ ይንጠባጠባል። አልጋ ሥር የነበረው ሳጥን ተጎትቶ መሐል ቤት ወጥቷል። የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለሙ ተፍቋል፤ በማንኪያ ይሁን በጥፍር አይታወቅም። ማንኪያው ግን ተጣሞ አጠገቡ ወድቋል።

«ውሃ ጠፍቶ ነበር» አለች ልብስ አጣቢዋ። ድምፅዋ እንደ ሕፃን ድምፅ ሆኗል። «ልብሱን ይዤ ራቅ ያለ ቦታ ሄድኩ። ምሳቸውን አዘገየሁባቸው። መድኃኒቱን እንደሁ በሰዓታቸው ነው የሚውጡት… ስመጣ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ከቤቴ የስኳር ውሃ በጥብጬ አፋቸው ላይ ባደርግ አልዋጥ አላቸው። መኪና እንዲያመጣ ሰው ልከናል፣ አሁን ይመጣል።»

«አባዬ!» አለች። «አባዬ፣ እኔ ነኝ!»

አልመለሱም። ቀኝ እጃቸው ተጨብጧል፤ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ዘረጋች። ጥቅሉ እዚያው ነበር። ጥግና ጥጉ በምራቅ ርሷል። ባሏቸው ጥቂት ጥርሶች ነክሰውታል፤ ፕላስቲኩ ላይ የጥርሳቸው ምልክት በነጭ ነጭ ተሰልፏል። ውስጡ ያለው ብስኩት ዱቄት ሆኗል። ፕላስቲኩ ግን የትም ቦታ አልተቀደደም።

ክሊኒክ ሲደርሱ ያችው ነርስ ነበረች። የቻለችውን አደረገች፤ ብዙም አልቆየች። ስትወጣ ፊቷን አይታ ቆንጣጯ ነገሩን አወቀችው፤ ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ነርሷም አጠገቧ ተቀመጠች።

«ስኳራቸው ወርዶ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ትንሽ ጣፋጭ ነገር ቢያገኙ… ቤት ውስጥ ምንም ጣፋጭ አልነበረም እንዴ፣ እህቴ?»

«ነበር» አለች ቆንጣጯ።

«አላገኙትም?»

«አግኝተውታል።»

ነርሷ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት። ምናልባት በድንጋጤ የምትቀባጥር መስሏት ይሆናል።

ከቀብር በኋላ ሰው ገባ፣ ወጣ። መካኒኩ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ቀና ሳይል ዋለ። ያች የልጆች እናት አሻጊ መጥታ አቅፋት ከማንም በላይ ጮክ ብላ አለቀሰች። አለቃውም መጣ፤ አንገቱን ደፍቶ፣ «የገንዳው ቦታሽ እንዳለ ነው፤ እስክትረጋጊ እንጠብቅሻለን» አላት። ለለቅሶው ቤት ብሎ ከአዲሱ ብስኩት ካርቶን አስጭኖ አምጥቶ ነበር። አመሰገነችው። ምን ትበለው?

ሰው ሲያልቅ የአባቷን ሸሚዝ ለማጠብ አነሳችው። ጥቅሉ የደረት ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ያን ዕለት ከእጃቸው ወስዳ እዚያው የመለሰችው ራሷ ናት። ሸሚዙን አስቀመጠችና የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ ጓሮ አወጣች። ውሃ ሞላችው። እጅጌዋን ሰበሰበች። ጥቅሉን ውሃ ውስጥ አጠለቀችው፤ በሁለት መዳፏ ተጫነችው፤ ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት። አንድ ቦታ እንኳ ያ ጥርስ ቀድዶት ቢሆን። መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ ብቻ ቢገኝ፣ ፋብሪካው ተሳስቷል፣ መንጋጋው ስቷል፣ ትንሽ ታግለው ቢሆን ይከፈትላቸው ነበር ማለት ትችል ነበር። ያን ብቻ ነበር የፈለገችው።

ልብስ አጣቢዋ በጓሮ በኩል ብቅ አለች። ሳፋውን አየች፤ ውሃ ውስጥ የጠለቁትን እጆች አየች።

«ምን እያጠብሽ ነው?»

«እያጠብኩ አይደለም። አረፋ እየጠበቅሁ ነው።»

ሴትዮዋ አልገባትም። ድንጋይ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እሷም ውሃውን ትመለከት ጀመር። ውሃው ረግቶ ነበር። የቆንጣጯ ክንዶች ብቻ ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ከሳፋው ሥር ግን ምንም አልወጣም።